የሰረዝኩት ቁጥር አልጠፋም ነበር

ይህ የደረሰብኝ ከአራት ዓመት በፊት፣ ግንቦት ውስጥ፣ ደብረ ታቦር ላይ ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። ፍርሃት ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ ጅብም፣ የወንዝ ሙላትም፣ የጥርስ ሐኪምም አስፈርተውኝ ያውቃሉ። እነዚያን ሁሉ ረስቻለሁ። ይህኛው ያልለቀቀኝ ሰዎች በዚያ ቀን ስላደረግሁት ነገር ስለሚያመሰግኑኝ ነው። ባመሰገኑኝ ቁጥር ፊቴን የማደርግበት ይጠፋኛል። ለምን እንደሆነ ታሪኩ ሲያልቅ ይገባችኋል።

የሻረግ እባላለሁ። እብናት ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ደብረ ታቦር እየተመላለስኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ማግኔት ነው። ማግኔት ስል ግን በእጅ የሚያዝ ነገር አይምሰላችሁ። ቤተ ሙከራችን ውስጥ የነበረው ማግኔት ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ አንድ ቁራጭ ነው፤ እሱንም አንዱ የቁልፍ መያዣ አድርጎት ነበር።

የእኔ ሥራ በኮምፒውተር ነበር። የውጭ አገር ምሁራን ሠርተው በነፃ የለቀቁት ፕሮግራም አለ። የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ሰው አውርዶ ሊያየው፣ ሊሞክረው፣ ሊያርመው ይችላል። በዓይን የማትታይ ክብ የብረት ቅንጣት ኮምፒውተሩ ውስጥ ትሠራላችሁ፤ ከዚያ የማግኔት ኃይል ስታቀርቡላት ምን እንደምትሆን አስልቶ ያሳያችኋል። የማግኔት ቤተ ሙከራ ለሌለን ሰዎች ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። እብናት ተቀምጬ፣ ሀብታም አገር ያለ ተመራማሪ በሚሠራበት ዕቃ በነፃ እሠራ ነበር።

ትእዛዙ የሚጻፈው ኖትቡክ በሚባል ገጽ ላይ ነው። ገጹ በሣጥን በሣጥን የተከፋፈለ ነው። አንዱ ሣጥን ውስጥ ትጽፋላችሁ፣ ትጫኑታላችሁ፣ መልሱ ከሥሩ ይወጣል። ቁጥርም ሊሆን ይችላል፣ ሥዕልም። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሣጥን ትሄዳላችሁ። ደስ ይላል፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ የምትጨዋወቱ ያህል ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው። ሣጥኑን ከገጹ ላይ ብትሰርዙት እንኳ፣ በዚያ ሣጥን የነገራችሁትን ነገር ኮምፒውተሩ አይረሳም። ዘግታችሁ እንደገና እስክትከፍቱት ድረስ በሆዱ ይዞት ይቆያል። ይህን አውቅ ነበር። ማወቅና በሰዓቱ ማስታወስ ግን ለየቅል ናቸው።

እኛ ጋ ደግሞ ኮምፒውተር የሚያጠፋ ሰው አልነበረም። አንድ ስሌት አምስትና ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ መብራቱ እንደምታውቁት ነው። ስለዚህ ሁላችንም የላፕቶፓችንን ክዳን እንዘጋለን እንጂ አናጠፋውም። ገጠር እሳት አዳፍኖ እንደ ማሳደር በሉት፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጎ መቀጠል ነው። የእኔም ላፕቶፕ እንዲያ ሆኖ፣ ከእብናት ደብረ ታቦር ከኔ ጋር እየተመላለሰ፣ ሳይጠፋ ከሁለት ወር በላይ ቆይቷል።

ያገኘሁት ውጤት እንዲህ የሚል ነበር። ጠርዟ ላይ ትንሽ የተሸረፈች ቅንጣት፣ ካልተሸረፈችው ይልቅ እጅግ በትንሽ ኃይል የማግኔት አቅጣጫዋን ትለውጣለች። በግራፍ ሲታይ ሁለት መስመር ነው፤ ያልተሸረፈችው ሰማያዊ፣ የተሸረፈችው ቀይ። ቀዩ ከሰማያዊው በጣም ርቆ ወደ ውስጥ ገብቷል። አማካሪዬ ዶክተር ምንይችል ግራፉን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ፣ ከዚያ፣ “የሻረግ፣ ይኸ ቀላል ነገር አይደለም” አሉኝ። እሳቸው ሰው ማመስገን የማይወዱ ሰው ናቸው። ያን ቀን ከግቢው እስከ አደባባይ ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ የሄድኩት በደስታ ነው።

መላው ጽሑፌ በዚያ ቀይ መስመር ላይ ቆመ። ጊዜዬ ደግሞ አልቋል። አንዴ በጤና፣ አንዴ በኢንተርኔት መጥፋት ሁለት ጊዜ አራዝሜ ነበር። ሦስተኛ ማራዘሚያ እንደሌለ፣ በዚያ ግንቦት ካልጨረስኩ ትምህርቱ እንደሚሰረዝብኝ ተነግሮኝ ፈርሜያለሁ። አራት ዓመት የተመላለስኩበት ትምህርት ማለት ነው። እብናት ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። የምትማረውም፣ የምትወድቀውም በሁሉም ሰው ፊት ነው።

የመጨረሻው የቃል ፈተና፣ ዲፌንስ የምንለው፣ ዓርብ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ከእብናት ተነሥቼ ደብረ ታቦር ገባሁ። እብናት ከእሑድ ጀምሮ መብራት አልነበረም፤ የላፕቶፔ ባትሪም ያረጀ ነው። ዲፓርትመንት ገብቼ ክዳኑን ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ነው። ጠፍቷል። አልደነገጥኩም። የጻፍኩት ሁሉ ተቀምጧል፤ ጽሑፉም ታትሞ፣ በጥቁር ሽፋን ተጠርዞ ለፈታኞቹ ከተላከ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን ግራፍ ከሩቅ እንዲነበብ በትልልቅ ፊደል እንደገና ማውጣት። የስሌቱን ቁጥሮች በሰነፍነቴ ለብቻቸው ስላላስቀመጥኳቸው ኮምፒውተሩ ከመጀመሪያው ሊያሰላቸው ነው። ሁሉንም ሣጥኖች ከላይ ጀምሮ በተራ እንዲሠራ አዘዝኩና ወደ ገበያ ወጣሁ። ለዓርብ የምለብሰው ጫማ አልነበረኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫማዬን በፌስታል አንጠልጥዬ ተመለስኩ። ስሌቱ አልቋል። ግራፉ ወጥቷል። አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ቀይ።

ሰማያዊው ሳይሣል የቀረ መሰለኝ። ተጠግቼ ሳየው ግን አለ። ቀዩ ከላዩ ተኝቶበት ነው። ሁለቱ መስመሮች እንደ ተደራረበ ነጠላ ልክክ ብለው አንድ ላይ ሆነዋል። ተሸረፈች አልተሸረፈች፣ ቅንጣቷ ያው ናት።

ወዲያው ራሴን አጽናናሁ፤ አንድ ነገር ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። በፍጥነት እንዲያልቅ አድርጌ፣ ጥራቱን ቀንሼ ደገምኩት። ያው ነው። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ስህተት የለም። ኮምፒውተሩም አልተነጫነጨ፣ ቀይ ማስጠንቀቂያም አላወጣ። ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም በመስመሩ። ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ በግድግዳዬ ላይ ለጥፌ ያየሁት ግራፍ ከየት መጣ?

መልሱ የመጣልኝ ጥቂት ቆይቶ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ቀን ላፕቶፑን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ላሳያቸው ይዤው ገብቼ ነበር። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ፣ “መምህር፣ ቁጥሩን ብንቀይረውስ?” ብላ ጠየቀች። ደግ ጥያቄ ነው። አዲስ ሣጥን ከፍቼ፣ ብረቱ አቅጣጫውን ላለመለወጥ ምን ያህል እልኸኛ እንደሆነ የሚናገረውን ቁጥር በሌላ ቁጥር ቀየርኩት። በዓለም ላይ የሌለ ብረት ሠራን። ተማሪዎቹ አይተው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ደወል ተደወለ። ከዚያ ሣጥኑን ሰረዝኩት። ዝብርቅርቅ ያለ ነገር አልወድም፤ ቤቴም ገጼም ጥርት ያለ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሣጥኑ ጠፋ። ቁጥሩ ግን ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ቀረ። በማግሥቱ የተሸረፈችውን ቅንጣት ያሰላሁት በዚያ በሌለ ብረት ነው። ሰማያዊው መስመር ከዚያ በፊት፣ በትክክለኛው ብረት የተሠራ ነበር።

እንደዚያ መሆኑን ለማረጋገጥ ያንን የሌለ ቁጥር መልሼ ጻፍኩትና ተጫንኩ። ቀዩ መስመር ከሰማያዊው ተነሥቶ ወደ ድሮ ቦታው ዘልቆ ገባ። እስከዚያ ድረስ ተስፋ ነበረኝ። ግኝቴ የተሸረፈ ጠርዝ ሳይሆን የተረሳ ቁጥር ነው። ያ ደግሞ ተጠርዞ ሦስት ሰው እጅ ገብቷል።

ሁለተኛው ፍርሃት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ፣ በአባሪው፣ ኮዱን በሙሉ አትሜው ነበር። ፕሮግራሙ ነፃ ነው። ማንም ፈታኝ ቤቱ ተቀምጦ፣ አባሪውን ገልብጦ፣ አንድ ቀን ቢያስኬደው ሁለት የተደራረቡ መስመሮች ያገኛል። የተደሰትኩበት ክፍትነት አሁን ያለ በር ያደርኩበት ቤት ሆነብኝ። እንዲያውም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ፈታኝ፣ እኛ ኤክስተርናል የምንለው፣ ጽሑፌን ከያዘ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እስካሁን ቢያውቅስ? ዓርብ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ቢሆንስ? ውጤት ፈጠረች ቢለኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

ለዶክተር ምንይችል ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ እቴነሽ በበሩ ስታልፍ አየችኝ።

“ለዶክተር ነው? አልሰማሽም እንዴ? እናታቸው እሑድ አርፈዋል። ነገ ከቢሮ እንሄዳለን፣ ሐሙሲት አገራቸው ነው ለቅሶው። አንች ምን ሁነሽ ነው እንዲህ የገረጣሽ?”

“ምንም” አልኳት። የሰው እናት ሞታ እኔ ስለ መስመር አስባለሁ። አፈርኩ፤ ፍርሃቴ ግን በሐፍረቴ አልቀነሰም።

ረቡዕ በሚኒባስ በወረታ በኩል ወደ ሐሙሲት ወረድን። እቴነሽ አጠገቤ ተቀምጣ መንገዱን በሙሉ ታወራ ነበር። እኔ የማስበው እንዴት እንደምነግራቸው ነው። ለቅሶ ቤት የራስን ጉዳይ ይዞ መሄድ ነውር ነው። ሐዘንተኛ ይጽናናል እንጂ አይማከርም። ይህን እንኳን እኔ ሕፃንም ያውቃል። ግን ከዓርብ በፊት ሌላ ቀን የለም። ሲሸኙን ከድንኳኑ ውጪ አንድ ደቂቃ ባገኝ ብዬ ተመኘሁ።

ቤቱ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። የነጠላችንን ጥለት ወደ ላይ አዙረን ድንኳኑ ደጃፍ ስንደርስ፣ የውስጦቹ ሊቀበሉን ለቅሶውን አነሡት። ዶክተር ምንይችል ከወንዶቹ መካከል ጋቢያቸውን አደግድገው ቆመዋል። በሦስት ቀን ውስጥ አርጅተዋል። ዓይናችን ሲገጣጠም ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

በዚያን ጊዜ አለቀስኩ። ለወጉ አልነበረም። ከማክሰኞ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቆለለው ሁሉ ወጣ። እየተንሰቀሰቅሁ ቆሜ ቀረሁ፤ ሌሎቹ ዝም ብለው ሲቀመጡ እንኳ ማቆም አቃተኝ። ሴቶቹ ተያዩ። “የማን ናት? ዘመድ ናት?” ስትል ሰማሁ አንዷ። በመጨረሻ አንዲት አዛውንት፣ የሟች ታናሽ እኅት፣ ተነሥተው ትከሻዬን ያዙኝ።

“በቃሽ ልጄ፣ በቃሽ። እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ። ታውቂያት ኑሯል እንዴ እኅቴን?”

አላውቃቸውም ነበር። አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም። ምን ልበል? አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው አዎ ማለቴ መሰላቸውና ራሳቸው ማልቀስ ጀመሩ። ከጎናቸው አስቀመጡኝ፤ በእጃቸው ንፍሮ ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝ። ከዚያ ስለ እኅታቸው ያወሩልኝ ጀመር፤ እንዴት አሻሮ እንደሚቆሉ፣ ስንቱን የድሀ ልጅ እንዳሳደጉ፣ ስለ ልጃቸው ዶክተርነት እንዴት እንደሚኮሩ። እያንዳንዱ ቃል ያቃጥለኛል። የማይገባኝን ማጽናኛ እየበላሁ ነበር።

ልንሄድ ስንል ዶክተር ምንይችል ራሳቸው እስከ መንገዱ ሸኙን። እቴነሽ ቀድማ ሄደች። የተመኘሁት አንድ ደቂቃ መጣ።

“የሻረግ፣ ስላለቀስሽልኝ እግዜር ይስጥሽ” አሉኝ። ድምፃቸው ጎርነን ብሏል። “ዓርብ እመጣለሁ። አትስጊ። እናቴም ብትሆን ሥራ መተው አትወድም።”

አፌን ከፈትኩ። “እግዚአብሔር ያጽናዎት” አልኩና ዘጋሁት።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ስላይዴን ሠራሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ዛሬ ልናገረው። አሮጌው ግራፍ፣ ቀዩ ርቆ የገባበት፣ ሥዕሉ ጽሑፉ ውስጥ ነበር። ፊደሉ ትንሽ ቢሆንም ይነበባል። ቀዳሁት፣ ስላይዱ መካከል ላይ አስቀመጥኩት፣ ከሥሩ “ዋናው ግኝት” ብዬ ጻፍኩ። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ። ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጠሁት። ዶክተርን በሐዘናቸው ላይ አላሳፍርም አልኩ። ሦስተኛ ማራዘሚያ የለም አልኩ። ከተመረቅሁ በኋላ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ሰይጣን ሲያስረዳ እንዴት ጎበዝ መምህር ነው!

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ገባሁ። አዲሱ ጫማ ተረከዜን ይበላኛል። ዶክተር ምንይችል ጥቁር ለብሰው፣ ጢማቸውን ሳይላጩ ፊት ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የእኛው ክፍል ፈታኝ አለ። ዳር ላይ ኤክስተርናሉ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሹራብ የደረቡ ሰው ናቸው። ፊታቸው የእኔ ጥቁር ጥራዝ አለ።

ጥራዙን አየሁት። ከመጨረሻው አካባቢ አንዲት ቁራጭ ነጭ ወረቀት ብቅ ብላለች። ምልክት ናት። ከፊት፣ ከመካከል ምንም የለም፤ አንዷ ብቻ ከኋላ፣ አባሪው ባለበት፣ ኮዱ ባለበት። ይባስ ብለው ላፕቶፕ ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ከፈቱ።

ሞክረውታል አልኩ በልቤ። አስኪደውት አይተውታል። ሁለቱን የተደራረቡ መስመሮች እዚያ ስክሪን ላይ ይዘው ነው የሚጠብቁኝ።

ንግግሬን ጀመርኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። ዓይኔ ከዚያች ወረቀት አልነቀል አለ። አንድ ጊዜ እጃቸውን ዘርግተው ጥራዙን ከኋላ በኩል ሲገልጡት ድምፄ ተቆረጠ። ውሃ ጠጣሁ። ላቡ በጀርባዬ ሲወርድ ይታወቀኛል፤ የደብረ ታቦር ብርድ እንኳ አልረዳኝም። ስላይዱ ያልፋል። ስድስተኛ፣ ሰባተኛ። የሚቀጥለው ግራፉ ነው።

ተጫንኩት። ቀዩ መስመር ግድግዳው ላይ ተዘረጋ። ኤክስተርናሉ ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

“ይህ ግራፍ ትክክል አይደለም” አልኩ።

ቃሉ አምልጦኝ ነው የወጣው። ከወጣ በኋላ ግን ሊቆም አልቻለም። ተማሪዋን፣ ሣጥኑን፣ የሰረዝኩትን፣ ሳይጠፋ የቆየውን ላፕቶፕ፣ ማክሰኞ ያየሁትን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኖትቡኩን ከፍቼ አዲሱን ግራፍ አሳየኋቸው። ስላይዱን ትናንት እያወቅሁ መሥራቴን ግን አልተናገርኩም። ዶክተር ምንይችል ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገዋል። ከኋላ አንድ ሰው ወንበር አንቀሳቀሰ።

ከአዳራሹ አስወጡኝ። ኮሪደሩ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። ትምህርቴ ሲሰረዝ፣ ለእብናት ሰው ምን እንደምል፣ ምን ብዬ ወደ ክፍል እንደምገባ አሰብኩ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ተጠራሁ።

አልጣሉኝም። ምዕራፍ አራት በሙሉ እንደገና ይሠራል፤ አራት ወር ተሰጥቶኛል። ሦስተኛ ማራዘሚያ የለም የተባለውን የተከራከሩልኝ ኤክስተርናሉ መሆናቸውን ኋላ ሰማሁ። ራሷ ባወጣችው ስህተት እኛ ልንቀጣት አይገባም አሉ አሉ። እሳቸው ጥራዙን ሲመልሱልኝ እጄን ያዙ።

“ልጄ፣ ባትናገሪ እኔ አላውቀውም ነበር” አሉኝ። “ማግኔቱን እንጂ ይኸን የኮምፒውተር ነገር እኔ ከፍቼውም አላውቅ። ላፕቶፑንም ያመጣሁት የውጤት ቅጹን ለመሙላት ነው። አንች ግን ታማኝ ሰው ነሽ። እግዜር ያክብርሽ።”

ሲሄዱ ጥራዙን ከፈትኩት። ወረቀቷ ያለችበትን ገጽ ገለጥኩ። በእርሳስ፣ በጥሩ እጅ ጽሕፈት፣ “ገጽ 62 ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል” ይላል። ሌላ ምንም የለም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት። ሌላ ምልክት አልነበረም።

ዶክተር ምንይችል በኮሪደሩ ጫፍ ይጠብቁኝ ነበር። ተቆጥተዋል። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

“ሐሙሲት ያለቀስሽው ለዚህ ነበር?”

“አዎ” አልኩ። መዋሸት ሰለቸኝ።

“ለምን እዚያው አልነገርሽኝም?”

“ለቅሶ ላይ ነበሩ። እንዴት አድርጌ…”

“ብትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር” አሉ። “ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራኝ ሰው አጥቼ ነው የሰነበትሁት። አክስቴ ደግሞ እስካሁን ስላንች ነው የምታወራ። እንዲያ ስላለቀሰችው ልጅ።” ይህን ብለው ሄዱ። ተናደው ይሁን ስቀው አላወቅሁም፤ ጀርባቸውን ነበር የማየው።

በአራት ወሩ ሠርቼ ጨረስኩ። አዲሱ ምዕራፍ የተሸረፈው ጠርዝ ብዙም ለውጥ እንደማያመጣ የሚናገር፣ ማንም የማይደነቅበት ምዕራፍ ነው። ተመረቅሁ። ዛሬ በየሣምንቱ መጨረሻ ኮምፒውተሬን አጥፍቼ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስኬደዋለሁ፤ ተማሪዎቼንም በዚህ አሰለቻቸዋለሁ።

የሚያስቸግረኝ ምስጋናው ነው። ዶክተር ምንይችል ቁጣቸው ከበረደ በኋላ ታሪኩን ወደዱት። በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ይጠሩኝና ስለ ታማኝነት እንድናገር ያደርጉኛል። እኔም እሄዳለሁ። ለቅሶውን እተዋለሁ፣ ሐሙስን እተዋለሁ፣ ወረቀቷን እተዋለሁ። የሚቀረው አጭርና የሚያምር ታሪክ ነው፤ ስህተቷን አግኝታ በሰው ፊት የተናገረች ሴት።

ባለፈው ወር እንዲሁ ተናግሬ ስጨርስ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። “መምህር፣ ማንም ፈታኝ ኮዱን እንደማይሞክረው እርስዎ ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ፣ ይናገሩ ነበር?” አለችኝ። እንዲሁ ለማወቅ ነው የጠየቀችው፤ ፊቷ ላይ ክፋት የለም። ዶክተር ምንይችል ፈገግ ብለው አዩኝ።

“እንዴታ!” አልኩ።

አጨበጨቡልኝ። የልጅቷን ዓይን ሸሽቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ለዚያች ልጅ የሰጠኋት መልስ እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ስላይዱን ሠርታ የጨረሰችውን ሴት ግን ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም። የምፈራው እሷን ነው።